በማይክሮዌቭና በኢንፍራሬድ መካከል ያለችው መስመር፦ የቴራኸርትዝ ሞገድ ታሪክ

በዚህ ዕትም የማቀርብላችሁ ታሪክ የነገሥታትም የጦርነትም ታሪክ አይደለም። በፊዚክስ መጽሐፋችን ላይ የተሰመረች የአንዲት ቀጭን መስመር ታሪክ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የፎርም ፎር ፊዚክስ መጽሐፍ ያላችሁ እስቲ ገለጥ አድርጉት። የኤሌክትሮመግነጢሳዊ ሞገዶች ሰንጠረዥ አለ። ሬዲዮ፣ ማይክሮዌቭ፣ ኢንፍራሬድ፣ የሚታይ ብርሃን፣ አልትራቫዮሌት፣ ኤክስሬይ፣ ጋማ። ሁላችንም ለፈተና በዚህ ተራ ሸምድደነዋል፤ ተማሪዎቻችንንም እናሸመድዳለን። በማይክሮዌቭና በኢንፍራሬድ መካከል አንድ መስመር አለ። መስመሩ እዚያ ለምን ተሰመረ ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ግን ብዙም አይገኝም። መጽሐፉም አይነግረንም። እኔ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን ሳልጨርስ ብወጣም፣ ከዚያ ወዲህ እጄ ከገባው ሁሉ ያነበብኩትን አንድ ላይ አድርጌ መልሱን ላካፍላችሁ።

መልሱ ባጭሩ ይኸ ነው፦ መስመሩን ያሰመረው ተፈጥሮ አይደለም፣ የመሣሪያችን አቅም ነው። ሰዎች መስመሩን ለመሻገር ከመቶ ዓመት በላይ ደክመዋል። የተሻገሩበት ዘዴ ደግሞ አዲስ ማዕድን ማግኘት አልነበረም፤ የታወቀን ነገር ቅርጽ መለወጥ ነበር።

ከሁለት ወገን የተጀመረ መንገድ

ነገሩ የሚጀምረው በ1800 ነው። ዊልያም ኸርሼል ጀርመን አገር ተወልዶ እንግሊዝ የኖረ ሰው ነበር። መተዳደሪያው መጀመሪያ ሙዚቃ ነበር፤ በኋላ በቴሌስኮፕ ሰማይ ማየት ያዘ። ይህ ሰው የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር አስቀመጠ። የትኛው ቀለም ይበልጥ ያሞቃል ብሎ ነው። ከቀዩ ቀለም አልፎ፣ ዓይን ምንም በማያይበት ቦታ የተቀመጠው ቴርሞሜትር ከሁሉም በላይ ሞቀ። የማይታይ ብርሃን መኖሩ በዚህ ታወቀ። ዛሬ ኢንፍራሬድ የምንለው ነው።

በሌላ ወገን ደግሞ ኤሌክትሪክን የሚያጠኑ ነበሩ። የስኮትላንዱ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1865 ባሳተመው ጽሑፍ የኤሌክትሪክና የመግነጢስ ሞገድ መኖር እንዳለበት፣ ፍጥነቱም የብርሃን ፍጥነት እንደሆነ በሒሳብ አሳየ። ብርሃንም የዚሁ ሞገድ አንድ ዓይነት ነው ማለት ነው። ይህን በሙከራ ያረጋገጠው ሃይንሪሽ ኸርትዝ ነው፤ በ1880ዎቹ መጨረሻ፣ በጀርመን ካርልስሩኸ ከተማ። በኤሌክትሪክ ብልጭታ ሞገድ ፈጠረ፤ በክፍሉ ሌላ ጥግ ተቀበለው። ሞገዱ እንደ ብርሃን መታጠፉን ለማሳየትም ፕሪዝም ሠራ። የሞገዱ ርዝመት ግን 66 ሴንቲሜትር ያህል ስለነበር በእጅ የሚያዝ የመስታወት ፕሪዝም አይበቃውም። ስለዚህ ከዝፍት አንድ ሜትር ተኩል ቁመት ያለው፣ 600 ኪሎ ያህል የሚመዝን ፕሪዝም አበጀ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሞገድ ሲረዝም የሚያጥፈው መሣሪያም አብሮ ይገዝፋል፤ ሞገድ ሲያጥር መሣሪያውም ያንሳል። ይህ ሕግ እስከ መጨረሻው ይከተለናል።

እንግዲህ በ1890 አካባቢ ሁለት ወገን ነበረ። የብርሃን ሰዎች ከአጭር ሞገድ ወደ ረጅሙ ይመጣሉ፤ የኤሌክትሪክ ሰዎች ከረጅሙ ወደ አጭሩ ይመጣሉ። መካከል ላይ ማንም ያልረገጠው ቦታ ቀረ። ያ ቦታ ዛሬ ቴራኸርትዝ ይባላል። በአብዛኛው ከ0.1 እስከ 10 ቴራኸርትዝ ያለው ነው፤ በሞገድ ርዝመት ከ3 ሚሊሜትር እስከ 0.03 ሚሊሜትር። አንድ ቴራኸርትዝ ማለት በሴኮንድ አንድ ሺህ ቢሊዮን ጊዜ የሚወዛወዝ ሞገድ ነው።

የካልካታው መምህርና የጆንያው ክር

ከኤሌክትሪክ ወገን ተነሥተው ወደዚህ ቦታ ቀድመው ከቀረቡት አንዱ እንደ እኛ መምህር ነበር። ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦስ ይባላል። በ1885 በካልካታ (የዛሬዋ ኮልካታ) ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ ፊዚክስ ለማስተማር ተቀጠረ። ሕንድ ያኔ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች፤ ለሕንዳዊ መምህር የሚከፈለው ለእንግሊዛዊው ከሚከፈለው ያንስ ነበር። ሥራው አንድ፣ ክፍያው ሁለት። ታዲያ ቦስ ምን አደረገ? ማስተማሩን አልተወም፤ ደመወዙን ግን አልቀበልም አለ። ሦስት ዓመት እንዲህ ቆየ። በመጨረሻ ሙሉ ደመወዙ ካለፈው ጭምር ተከፈለው። በኢንሴንቲቭ የምታስተምሩ ባልደረቦቼ ይህን ክፍል ያለ ማብራሪያ ትረዱታላችሁ።

ቦስ ለምርምር የሚሆን የረባ ቤተ ሙከራ አልነበረውም። መሣሪያዎቹን በአካባቢው ቆርቆሮ ሠሪ እጅ እያሠራ በጠባብ ክፍል ውስጥ ይሠራ ነበር። ቦታ ሲጠብ ደግሞ መሣሪያ ማሳነስ ግድ ነው፤ መሣሪያ ለማሳነስ ሞገድ ማሳጠር ነው። ቦስ የሞገዱን ርዝመት እስከ 5 ሚሊሜትር አወረደው። ይህ 60 ጊጋኸርትዝ ያህል ነው፤ የቴራኸርትዝ ደጃፍ ማለት ነው። በ1895 በካልካታ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ ሞገዱ ግድግዳ አልፎ ሄዶ ደወል ደወለ፣ ባሩድም አቀጣጠለ። በጥር 1897 ለንደን ሄዶ በሮያል ኢንስቲትዩሽን መሣሪያዎቹን አሳየ።

ለዛሬው ታሪካችን ዋናው ግን በ1898 ያሳተመው ሙከራ ነው። የቤንጋል አገር ጁት በሚባል ተክል ይታወቃል፤ ጆንያ የሚሠራበት ክር የሚወጣው ከእሱ ነው። ቦስ የጁትን ክር እንደ ገመድ ገመደና ሞገዱ በውስጡ እንዲያልፍ አደረገ። ሞገዱ ሲወጣ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ ዞሮ ተገኘ። ክሩ ወደ ቀኝ ሲገመድ ሞገዱ ወደ አንድ ወገን ዞረ፤ ወደ ግራ ሲገመድ ወደ ተቃራኒው። የስኳር ውሃ ብርሃንን እንዲህ እንደሚያዞር ይታወቅ ነበር፤ ቦስ ደግሞ ያንን በጆንያ ክር አስመሰለው።

ይህን ቆም ብለን እንየው። ቀኝ የተገመደውም ግራ የተገመደውም ያው ጁት ነው። በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር አልተለወጠም። የተለወጠው አገማመዱ ብቻ ነው፤ ሞገዱም የታዘዘው ለአገማመዱ ነው። ሰው በእጁ ባበጀው ቅርጽ ሞገድን ማዘዝ እንደሚቻል በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ታየ። ትልቁ ሐሳብ ሆኖ እስኪመለስ ግን መቶ ዓመት ያህል ፈጀ።

በርሊን፣ ክሊቭላንድ፣ ሞስኮ

ከብርሃን ወገን ደግሞ በበርሊን ሃይንሪሽ ሩበንስ ነበር። አንዳንድ ክሪስታሎች፣ እንደ ኳርትዝና እንደ ተራው የገበታ ጨው፣ ከኢንፍራሬድ ውስጥ አንዱን የሞገድ ርዝመት መርጠው አጥብቀው ያንጸባርቃሉ። ሩበንስ ጨረሩን ከክሪስታል ወደ ክሪስታል እያንጸባረቀ ሌላውን ሁሉ አስቀርቶ ረጅሙን ሞገድ ለየ። በዚህ መንገድ ከጨው 0.05 ሚሊሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሞገድ አገኘ። በ1911 ደግሞ ከሜርኩሪ መብራት 0.3 ሚሊሜትር ያህል የሆነ ሞገድ ለካ።

ይህ ልፋት ምን ጥቅም ነበረው የሚል ቢኖር፣ እነሆ። በጥቅምት 1900 አንድ እሑድ ሩበንስ ከባለቤቱ ጋር ማክስ ፕላንክ ቤት እንግድነት ሄደ። በጨዋታ መካከል የረጅሙ ሞገድ ልኬት በጊዜው ከነበረው ቀመር ጋር እንደማይስማማ ነገረው። ፕላንክ በዚያው ምሽት አዲስ ቀመር ጻፈ፤ በ19 ጥቅምት ለፊዚክስ ማኅበሩ አቀረበው። የኳንተም ፊዚክስ የተወለደው ከዚያ ነው። ስለዚህ ማንም የማይሄድበት ይመስል የነበረው የሰንጠረዡ ጥግ የፊዚክስን መልክ ለወጠው።

የሁለቱ ወገን መንገድ የተገናኘው በ1920ዎቹ መጀመሪያ ነው። ኧርነስት ፎክስ ኒኮልስ የሚባል አሜሪካዊ ነበር፤ በወጣትነቱ በርሊን ሄዶ ከሩበንስ ጋር ሠርቷል። በኋላ በክሊቭላንድ ከጄምስ ቲር ጋር ሆኖ በኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚፈጠረውን ሞገድ እስከ 0.22 ሚሊሜትር አሳጠረ። ጽሑፋቸው በ1923 ወጣ። ሩበንስ ከብርሃን ወገን 0.3 ላይ ደርሶ ስለነበር ሁለቱ ተላለፉ፤ ክፍተቱ ተዘጋ ማለት ነው። ኒኮልስ ይህንኑ ሥራ በሚያዝያ 1924 በዋሽንግተን በሳይንስ አካዳሚው ጉባኤ ላይ ሲያቀርብ እዚያው ወድቆ ሞተ።

በዚያው ጊዜ በሞስኮ አሌክሳንድራ ግላጎሌቫ-አርካዲዬቫ የምትባል ሴት ሳይንቲስት ከዚህም ራቅ አለች። የአሉሚኒየም ብናኝ በዘይት ውስጥ አቡክታ ብልጭታ አሳለፈችበት። ብናኞቹ እያንዳንዳቸው እንደ ትናንሽ አንቴና ሆኑ። በ1924 ባወጣችው ጽሑፍ እስከ 0.082 ሚሊሜትር የሚደርስ ሞገድ ማግኘቷን አስታወቀች። ሴት ተማሪዎቻችን ይህን ስም ጽፈው ቢይዙት ደስ ይለኛል።

ታዲያ ለምን ባዶ ቀረ?

ክፍተቱ በ1920ዎቹ ከተዘጋ ለምን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ «የቴራኸርትዝ ክፍተት» ሲባል ቆየ? መድረስ ሌላ፣ ሰፍሮ መኖር ሌላ ነው። ብልጭታው ሞገዱን ይፈጥራል፤ ግን ደካማና የተደባለቀ ነው።

ችግሩ ከሁለቱም ወገን ነው። በኤሌክትሪክ በኩል፣ በትራንዚስተር ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖች በሴኮንድ ሺህ ቢሊዮን ጊዜ ወዲያና ወዲህ መመላለስ ያቅታቸዋል። በብርሃን በኩል ደግሞ የአንድ ቴራኸርትዝ ፎቶን ጉልበቱ በጣም ትንሽ ነው፤ በክፍል ሙቀት ካለው የአቶሞች ውዝዋዜ ጉልበት በስድስት እጥፍ ያህል ያንሳል። በገበያ ጫጫታ መካከል ሹክሹክታ እንደመስማት ነው።

መፍትሔው ቀስ በቀስ መጣ። በ1980ዎቹ እነ ዴቪድ ኦስተን በቤል ላብራቶሪ በጣም አጭር የሌዘር ብልጭታ ተጠቅመው የቴራኸርትዝ ምት መፍጠርና መቀበል ቻሉ። በ1995 እዚያው ላብራቶሪ የአንድ እርጥብ ቅጠል ምስል በቴራኸርትዝ ተነሣ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ሲደርቅ። ውሃ ቴራኸርትዝን ስለሚውጥ ቅጠሉ ምን ያህል እንደደረቀ በምስሉ ይታያል። በ2002 ደግሞ በ4.4 ቴራኸርትዝ የሚሠራ ትንሽ የሴሚኮንዳክተር ሌዘር በአውሮፓ ተሠራ።

አሁን ምንጭ አለ፣ መቀበያም አለ። ሆኖም ሞገዱን የሚያዝ ነገር ጎደለ። የፕላስቲክ ወይም የሲሊከን ሌንስ፣ የብረት መስታወትም ይሠራለታል፤ ግን እነዚህ ደረቅ ናቸው፤ እንደተሠሩ ይቀራሉ። ለብርሃንና ለሬዲዮ እንደለመድነው ሞገዱን እንደፈለጉ የሚያጠፋ፣ የሚያበራ፣ የሚያዞር ቁስ በተፈጥሮ ውስጥ እምብዛም አልተገኘም። ታሪኩ ወደ ቦስ ጁት የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው።

ቁሱን ትቶ ቅርጹን

ሰው ሠራሽ ቁስ በአንድ ቀን አልተፈጠረም። በ1940ዎቹ ዊንስተን ኮክ በቤል ላብራቶሪ ብረቶችን በሥርዓት ደርድሮ ለማይክሮዌቭ ሌንስ ሠርቷል። በ1967 ደግሞ ቪክቶር ቬሴላጎ የሚባል የሶቪየት ፊዚክስ ሊቅ አንድ እንግዳ ጥያቄ አነሣ። ዱላ ውሃ ውስጥ ሲነከር የታጠፈ እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ የብርሃን ስብረት ነው። ቬሴላጎ ብርሃንን ከተለመደው በተቃራኒ ወገን የሚያጥፍ ቁስ ቢኖርስ ብሎ ጠየቀ። በሒሳቡ ምንም ክልከላ አላገኘም። እንዲህ ያለ ቁስ ግን በተፈጥሮ አልተገኘምና ሐሳቡ ሠላሳ ዓመት ያህል ተኛ።

የቀሰቀሰው የለንደኑ ጆን ፔንድሪ ነው። ማርኮኒ የሚባለው ኩባንያ ከካርቦን ጭረት የተሠራ የሬዳር ሞገድ የሚውጥ ቁስ ነበረው። ቁሱ ይሠራል፤ ለምን እንደሚሠራ ግን በውል አልታወቀም። ፔንድሪ ሲመረምረው ምስጢሩ በካርቦኑ ሳይሆን በጭረቶቹ ረጅምና ቀጭን ቅርጽ ላይ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ቅርጽ እየነደፈ የሚፈልገውን ጠባይ ማውጣት ያዘ። በ1996 በቀጫጭን ሽቦዎች፣ በ1999 ደግሞ ክፍተት ባላቸው ትናንሽ የብረት ቀለበቶች። በ2000 እና በ2001 በካሊፎርኒያ ሳን ዲየጎ እነ ዴቪድ ስሚዝና ሼልደን ሹልትዝ ሽቦውንና ቀለበቱን በተራ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ ደርድረው ፕሪዝም ሠሩ። ማይክሮዌቭ ሲያልፍበት ቬሴላጎ እንዳለው ወደ ተቃራኒው ታጠፈ። አንዳንድ ሳይንቲስቶች ይህ አይሆንም ብለው ተከራከሩ፤ በ2003 ሌሎች ሙከራውን ደግመው አረጋገጡት።

እንዲህ ያለው ቁስ ሜታማቴሪያል ተባለ። «ሜታ» በግሪክኛ «ከዚያ ያለፈ» እንደማለት ነው። አሠራሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። በሱቅ ጣሪያ ላይ ያለውን ትልቁን የወንፊት ዲሽ ተመልከቱ። ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ ሆኖም የሳተላይቱ ሞገድ አያፈተልክም። ለምን? ሞገዱ 7 ሴንቲሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ቀዳዳው ከዚያ በጣም ያንሳል። ለሞገዱ ወንፊቱ ድፍን ብረት ነው። ሜታማቴሪያልም እንደዚሁ ነው፤ ቀለበቶቹ ከሞገዱ ርዝመት ስለሚያንሱ ሞገዱ ቀለበት በቀለበት አያያቸውም፤ እንደ አንድ ወጥ ቁስ ያያቸዋል። ቀለበቶቹ እንደ አቶም ሆኑ ማለት ነው፤ ልዩነቱ እኛ የነደፍናቸው መሆኑ ነው።

የቀለበቷም ሥራ ቀላል ነው። ክፍተቷ እንደ ካፓሲተር፣ ዙሪያዋ እንደ ኢንዳክተር ትሆናለች። ሁለቱ አንድ ላይ፣ ጣቢያ እንደምንፈልግበት የሬዲዮ ሰርኪት፣ የራሳቸው ድግግሞሽ አላቸው። የቀለበቷን መጠን ስንለውጥ የምትመልስለት ድግግሞሽ ይለወጣል።

ሞገዱን ማዘዝ

አሁን የመጀመሪያውን ሕግ አስታውሱ፦ ሞገድ ሲያጥር መሣሪያውም ያንሳል። ለማይክሮዌቭ ቀለበቷ ጥቂት ሚሊሜትር ናት። ለአንድ ቴራኸርትዝ ግን ጥቂት አስር ማይክሮን መሆን አለባት፤ ከፀጉር ውፍረት ጋር የሚቀራረብ ነው። እንደ ኮምፒውተር ቺፕ በብርሃን እየታተመች ትሠራለች። በ2004 የሎስ አንጀለስ፣ የሳን ዲየጎና የለንደን ተመራማሪዎች እንዲህ ባሉ የመዳብ ቀለበቶች በአንድ ቴራኸርትዝ አካባቢ፣ የተፈጥሮ ቁሶች እምብዛም የማይሰጡትን መግነጢሳዊ ምላሽ አገኙ።

በ2006 ደግሞ እነ ሁ-ቶንግ ቼን፣ ዊሊ ፓዲላና ሪቻርድ አቨሪት የወርቅ ቀለበቶችን በሴሚኮንዳክተር ላይ አሠፈሩ። ቮልቴጅ በሌለበት ጊዜ በሥር ያሉት ኤሌክትሮኖች የቀለበቷን ክፍተት ያገናኙታል፤ ቀለበቷ ሾርት ትሆናለች። ቮልቴጅ ሲሰጥ ኤሌክትሮኖቹ ይሸሻሉ፤ ክፍተቷ ተከፍታ ቀለበቷ ሥራ ትጀምራለች። በዚህ መንገድ የሚያልፈውን ሞገድ እስከ 50 በመቶ መለዋወጥ ቻሉ። ለቴራኸርትዝ ማብሪያና ማጥፊያ ተገኘለት።

ማጠፍና ማነጣጠርስ? ይህን በሰልፍ እንየው። አሥር ተማሪዎች ጎን ለጎን እጅ ለእጅ ተያይዘው ይራመዱ። የግራዎቹ አሸዋ ውስጥ ገብተው ቢዘገዩ፣ የቀኞቹ እንዳመጣጣቸው ቢቀጥሉ፣ ሰልፉ ወደ ግራ ይዞራል። መካከለኞቹ ቢዘገዩና ዳርና ዳሮቹ ቢቀድሙ ደግሞ ሰልፉ ወደ ውስጥ ይታጠፍና አንድ ነጥብ ላይ ይሰበሰባል። የመጀመሪያው ማዞር ነው፤ ሁለተኛው ሌንስ ነው። የመስታወት ሌንስ ሞገዱን የሚያዘገየው መካከሉ ወፍራም በመሆኑ ነው። ሜታማቴሪያል ግን መወፈር አያስፈልገውም። እያንዳንዷ ቀለበት እንደ ቅርጿ የራሷን መዘግየት ትሰጣለች።

በ2011 በሃርቫርድ ናንፋንግ ዩና ፌዴሪኮ ካፓሶ ይህን በኢንፍራሬድ አሳዩ፤ የተጠቀሙት በጣም ስስ ወለል ላይ የተደረደሩ የወርቅ አንቴናዎችን ነበር። በ2013 የሎስ አላሞስ ሰዎች ተመሳሳይ ዘዴ ለቴራኸርትዝ ሠሩ። በ2014 እነ ፓዲላ 64 ነጥብ ያለው፣ እያንዳንዱ ነጥብ ለብቻው የሚታዘዝ ወለል ሠርተው በአንድ መቀበያ ብቻ ምስል አነሡ። በ2020 ደግሞ በፕሪንስተን እነ ካውሺክ ሴንጉፕታ በተለመደው የቺፕ አሠራር 576 ክፍሎች ያሉት ወለል ሠሩ፤ በ0.3 ቴራኸርትዝ ጨረሩን ግራና ቀኝ እስከ 30 ዲግሪ አዞረ። ምንም የሚሽከረከር ዲሽ የለም፤ ትእዛዙ በኤሌክትሪክ ብቻ ነው። አንዷ ክፍል ብቻዋን ምንም አታደርግም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው።

የተጋነነውና እውነቱ

ስለ ቴራኸርትዝ ብዙ ወሬ አለ። ግድግዳ አልፎ ሰው ያያል፣ ገላ ውስጥ ገብቶ በሽታ ያሳያል ይባላል። ተማሪዎች ሲጠይቁ ልኩን ንገሯቸው። ደረቅ ልብስ፣ ወረቀትና ፕላስቲክ ያልፋል። ብረት አያልፍም። ውሃ ይውጠዋል፤ ስለዚህ በሰው ገላ ውስጥ ብዙ ርቀት አይሄድም። በአየር ላይ ያለ እርጥበትም ይውጠዋል። በቺሊ በረሃ አልማ የሚባለው የ66 አንቴናዎች ቴሌስኮፕ፣ በ2013 የተመረቀው፣ በ5,000 ሜትር ከፍታ ላይ የተተከለው ለዚህ ነው፤ አየሩ ስስና ደረቅ ስለሆነ።

ሜታማቴሪያልም የራሱ ጉድለት አለው። የብረት ቀለበቶቹ ከሞገዱ ከፊሉን ወደ ሙቀት ይለውጣሉ፤ ቀለበቷም ለተነደፈችበት ድግግሞሽ እንጂ ለሁሉም አትሆንም። ሆኖም ማነጣጠር ያስፈለገው በዚሁ ምክንያት ነው። ጉልበትህ ትንሽ ከሆነ፣ መንገዱም ከዘረፈህ፣ ያለህን በየአቅጣጫው አትበትነውም፤ ሰብስበህ ወደሚቀበልህ ታነጣጥረዋለህ።

ቦታው ዛሬ ባለቤት አልባ አይደለም። በ2019 በግብፅ ሻርም ኤል ሼክ በተደረገው የዓለም የሬዲዮ ጉባኤ ከ275 እስከ 450 ጊጋኸርትዝ ባለው ክልል ውስጥ ለመገናኛ ሊውሉ የሚችሉ ክፍሎች ተለይተዋል። የመጽሐፋችን መስመር ባለችበት አካባቢ መንግሥታት ተቀምጠው ተነጋገሩበት ማለት ነው።

ለምን ይህን እናስተምራለን?

ድንበር ምን እንደሆነ እኛ በካምፕ የምንኖር ሰዎች ጠንቅቀን እናውቃለን። ሰው ያሰመረው መስመር ሲቆይ ተፈጥሮ ያኖረው እየመሰለ ይሄዳል። የሰንጠረዡ መስመርም እንዲሁ ነው። ከመስመሩ ወዲህም ወዲያም ያለው ያው አንድ ሞገድ ነው፤ በባዶ ቦታ ፍጥነቱ አንድ፣ ሕጉ አንድ። የተለያየው የእኛ መሣሪያና የእኛ ቋንቋ ነበር። በፈተና ላይ መስመሩን እንደ መጽሐፉ መልሱ፤ ማርክ ነውና። በክፍል ውስጥ ግን ታሪኩን ብትነግሯቸው ተማሪዎች ፊዚክስ ያለቀ ዝርዝር አለመሆኑን ያያሉ።

ቤተ ሙከራ የለንም እያልን ትምህርቱን እንዳናቋርጥም እሰጋለሁ። ቤተ ሙከራ ቢኖር ግሩም ነው፤ መጠየቃችንንም አንተውም። እስከዚያው ግን ያለን ነገር አለ። ለመምህራን የሚሆኑ አራት ሥራዎች እነሆ፤ ሁሉም ያለ ወጪ የሚሠሩ ናቸው፦

1. ስሌት። የብርሃንን ፍጥነት በሴኮንድ 300,000,000 ሜትር አድርጋችሁ የ100 ሜጋኸርትዝ ኤፍኤም፣ የ4 ጊጋኸርትዝ ሳተላይትና የ1 ቴራኸርትዝ ሞገድ ርዝመት ይፈልጉ። መልሱ 3 ሜትር፣ 7.5 ሴንቲሜትርና 0.3 ሚሊሜትር ነው።

2. ሬዲዮና ድስት። የተከፈተ ትንሽ ሬዲዮ በብረት ድስት ውስጥ አድርጋችሁ ክደኑት፤ ከዚያ በድስቱ ፈንታ በሽቦ ወንፊት ከሁሉም ወገን ሸፍኑት። ድምፁ ምን ይሆናል? ወንፊቱ አየርና ብርሃን እያሳለፈ የሬዲዮውን ሞገድ ለምን ያዳክማል? ተማሪዎቹ መልሱን ከሞገዱ ርዝመት ያምጡት።

3. ሰልፍ። ከላይ ያልኩትን ሰልፍ ሜዳ ላይ አሠሯቸው። መጀመሪያ ዳር ያሉት፣ ቀጥሎ መካከል ያሉት ግማሽ እርምጃ እየተራመዱ። ከዚያ የሄዱበትን መሬት ላይ ይሳሉ።

4. ክርክር። «የቦስ ሙከራ ትልቁን ውጤት ያመጣው ቁሱ ነው ወይስ ቅርጹ?» ሁለት ቡድን ይከራከሩ፤ ዳኛው ምክንያት እንጂ ጩኸት አይቁጠር።

ሥራዎቹን በክፍላችሁ ሞክራችሁ ያገኛችሁትን ለአዘጋጆቹ ብትጽፉ ለሚቀጥለው ዕትም ይጠቅማል። በተለይ የድስቱ ሙከራ በየብሎኩ ምን ውጤት እንደሰጠ ማወቅ እንፈልጋለን፤ የድስቱንና የወንፊቱን ዓይነት፣ ጣቢያውንም መጻፍ አትርሱ። ቸር ይግጠመን።